የምርጫ ቅስቀሳ ለምን ይከራል? ከሰበታ፣ ከቡራዩና ከሱሉልታ አንጻር



በአማርኛችን «መቀስቀስ» የሚለው ቃል ሁለት ፊት አለው። የተኛ ሰው ይቀሰቀሳል፤ ይህ በጎ ነው። ጠብም ይቀሰቀሳል፣ የዳነ የመሰለ በሽታም ይቀሰቀሳል፤ ይህ ደግሞ ክፉ ነው። የምርጫ ቅስቀሳ የምንለውም እንደ ስሙ ሁለቱንም ሆኖ ይገኛል። አንዳንዴ ሕዝቡን አንቅቶ «ማን ይወክለኝ?» ያሰኘዋል፤ አንዳንዴ ደግሞ ጎረቤትን ከጎረቤት ያናክሳል። ታዲያ አንዱ ቅስቀሳ የሚያነቃ፣ ሌላው የሚያናክስ የሚሆነው በምን ምክንያት ነው? በዚህ ጽሑፍ ለማስረዳት የምንሞክረው ይህንኑ ነው።

ብዙ ሰው መልሱን ከተናጋሪው አፍ ይፈልጋል። «እገሌ ተሳደበ፣ እገሌ አስፈራራ» ይባላል። እርግጥ ነው፣ የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም። ይሁን እንጂ የሀገራችንን የምርጫ ታሪክ ስንመለከት ከንግግሩ ይልቅ የሚበረታ አንድ ምክንያት እናገኛለን። ይኸውም የተሸናፊው ዕጣ ነው። የተሸነፈ ሰው በሰላም ወደ ቤቱ ገብቶ፣ ሥራውን ሠርቶ፣ በሚቀጥለው ጊዜ ተመልሶ የሚወዳደር ከሆነ ውድድሩ ውድድር ሆኖ ያልፋል። መሸነፍ ማለት ሁሉን ማጣት ከሆነ ግን በፈቃዱ የሚሸነፍ ሰው አይገኝም።

«ይህ የፖለቲከኞች ጉዳይ ነው እንጂ የእኛ የሠልጣኞች አይደለም» የሚል ጓደኛ ይኖር ይሆናል። ነገር ግን ብዙዎቻችን የመጣነው ከሰበታ፣ ከቡራዩ፣ ከሱሉልታና ከአካባቢያቸው ነው። እነዚህ ከተሞች የምርጫን ሰሞን ሙቀት ብቻ ሳይሆን ቃጠሎውንም አይተዋል። ከዚህም በላይ በምርጫ ቀን ብዙ ትምህርት ቤቶች ምርጫ ጣቢያ ይሆናሉ፤ መምህራንም የምርጫ አስፈጻሚ ሆነው የሚመደቡበት ጊዜ ብዙ ነው። ኮሮጆው የሚቀመጠው እኛ ነገ በምናስተምርበት ክፍል ውስጥ ነው። እንዴት አይመለከተንም?

ደንቡ ምን ይመስላል?

በመጀመሪያ አሠራሩን እንይ። በ1987 ዓ.ም. በጸደቀው ሕገ መንግሥት መሠረት የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት በየ5 ዓመቱ ይመረጣል፤ አባላቱም ከ550 አይበልጡም። በ1997 ዓ.ም.ም ሆነ ከዚያ ወዲህ በነበሩት ሁለት ምርጫዎች ወንበሮቹ 547 ነበሩ። ከእነዚህ ውስጥ 178ቱ የኦሮሚያ፣ 23ቱ የአዲስ አበባ ናቸው። ዕድሜው 18 ዓመት የሞላው ዜጋ ይመርጣል። በአንድ የምርጫ ክልል ከተወዳደሩት መካከል ከሌሎቹ የበለጠ ድምፅ ያገኘው ያሸንፋል።

ይህችን «የበለጠ ድምፅ» የምትለዋን አነጋገር ልብ እንበል። በአንድ የምርጫ ክልል 100 ሰዎች ድምፅ ሰጡ እንበል። ከሦስት ተወዳዳሪዎች አንዱ 40፣ ሁለተኛው 35፣ ሦስተኛው 25 ቢያገኙ ወንበሩ የባለ 40ው ነው። 60 ሰዎች ያልመረጡት ሰው ወኪላቸው ሆነ ማለት ነው። ይኸው ነገር በሌሎች የምርጫ ክልሎችም ቢደጋገም፣ ባለ 40ው ፓርቲ አብዛኛውን ወንበር ጠቅልሎ ሊወስድ ይችላል። ሕጉ እንዲህ ነው፤ ብዙ አገሮችም ይጠቀሙበታል። ነገር ግን ከዚህ የተነሣ በአገር ደረጃ ብዙ ድምፅ ያለው ፓርቲ እንኳ በወንበር ባዶ እጁን ሊቀር ስለሚችል፣ የቅስቀሳው ሙቀት ገና ከመነሻው ከፍ ብሎ ይጀምራል።

ቅስቀሳው ራሱ የሚታወቅ ነው። ሞንታርቦ የተጫነበት መኪና በየሰፈሩ ይዞራል፤ ከናቴራ ይታደላል፤ ፖስተር በየግንቡ ይለጠፋል። እያንዳንዱ ፓርቲ ምልክት አለው፤ የኢሕአዴግ ምልክት ንብ እንደነበረች ታላላቆቻችን ያስታውሳሉ። ምልክት ያስፈለገው ማንበብ የማይችል መራጭም ወኪሉን ለይቶ እንዲያውቅ ነው። ሕንድ ከነፃነት በኋላ የመጀመሪያውን ጠቅላላ ምርጫዋን እ.ኤ.አ. በ1951ና በ52 ስታካሂድ ያደረገችው ይህንኑ ነበር፤ ከመራጮቿ አብዛኞቹ ፊደል ያልቆጠሩ ነበሩና።

ታዲያ ጥሩ ቅስቀሳ የቱ ነው? ተናጋሪው ብቻውን የሚጮህበት አይደለም፤ ሰሚው የሚጠይቅበት ነው። ለምሳሌ ያህል አንድ ወጣት ዕጩ ቡራዩ አሸዋ ሜዳ ላይ ቆሞ «ውኃ አስገባለሁ!» አለ እንበል። አንዲት እናት ከሕዝቡ መካከል ብድግ አሉ።

«አንተ ልጄ፣ ውኃ ነው ያልከው?»

«አዎን እማማ።»

«በየት በኩል ነው የምታመጣው? በማንስ ገንዘብ? እስከ መቼስ እንጠብቅህ?»

ሦስት ጥያቄዎች ናቸው። ዕጩው ሦስቱን ከመለሰ ቅስቀሳው አነቃ። መልስ አጥቶ «እነ እገሌ ናቸው ውኃችሁን የወሰዱት!» ብሎ ጣቱን ወደ ጎረቤት ከቀሰረ ግን ቅስቀሳው ማናከስ ጀመረ ማለት ነው። ሁለቱን ለመለየት ከዚህ የበለጠ ሚዛን የለም።

ከወንበር በፊት ያለ ፓርላማ

ሀገራችን እንደ ብዙዎቹ የአፍሪካ አገሮች ከቅኝ ገዥ ነፃ ወጥታ በዚያው ሰሞን ምርጫ የጀመረች አይደለችም። ፓርላማ የመጣው በ1923ቱ ሕገ መንግሥት ነው። የዚያን ጊዜ ግን የፓርላማው አባላት በሕዝብ አልተመረጡም፤ በንጉሠ ነገሥቱና በመኳንንቱ የተሰየሙ ነበሩ። ሕዝብ እንደራሴዎቹን እንዲመርጥ የተፈቀደው በ1948ቱ የተሻሻለ ሕገ መንግሥት ሲሆን፣ የመጀመሪያው ምርጫ የተደረገው በ1950 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ ነው። ፓርቲ አልነበረም፤ ዕጩ ለመሆንም ንብረት ያስፈልግ ነበር።

በዚህ ምርጫ ለእኛ ለመምህራን የሚያኮራ አንድ ነገር ተፈጽሟል። በፓርላማችን ታሪክ የመጀመሪያዋ ሴት እንደራሴ ሆነው የተመረጡት ወይዘሮ ስንዱ ገብሩ ናቸው። እኒህ ሴት ቀደም ሲል የእቴጌ መነን ትምህርት ቤት ዳይሬክተር ነበሩ። ስለዚህ የመጀመሪያዋ ሴት የሕዝብ እንደራሴ ከመምህራን ወገን ናቸው ማለት ነው።

በ1967 ዓ.ም. መጀመሪያ ንጉሣዊው መንግሥት ሲወድቅ ያ ፓርላማ ተዘጋ። ከዚያ በኋላ ሕዝቡ ለብሔራዊ ሸንጎ ድምፅ የሰጠው በሰኔ 1979 ዓ.ም. ነው። የሸንጎው ወንበር 835 ነበር፤ ፓርቲው ግን የኢትዮጵያ ሠራተኞች ፓርቲ ብቻ ነበር። ከአንድ በላይ ዕጩ ቢቀርብም ተቃዋሚ አልነበረም። የብዙ ፓርቲ ጠቅላላ ምርጫ የመጣው ከ1987 ዓ.ም. ጀምሮ ነው። ስለዚህ ዴሞክራሲያችን ገና ወጣት ነው ብንል ማጋነን አይሆንም። መሸነፍን የመልመጃ ጊዜ አላገኘንም።

የ1997 ዓ.ም. ምርጫ

አብዛኞቻችን ሠልጣኞች በ1997 ዓ.ም. ገና አልተወለድንም። መምህሮቻችን ግን የዚያን ጊዜ ሰልፍ ቆመው ያዩ ናቸውና ያልነውን ያርሙልን።

በዚያ ዓመት ቅስቀሳው ከዚያ በፊት ያልታየ ነበር። ገዥው ፓርቲና ተቃዋሚዎች በቴሌቪዥንና በሬዲዮ ፊት ለፊት ተከራከሩ። ስለ መሬት፣ ስለ ማዳበሪያ፣ ስለ ትምህርት፣ ስለ ፌዴራሊዝም ሕዝቡ በቤቱ ቁጭ ብሎ ሁለቱንም ወገን ሰማ። ሚያዝያ 29 ቀን ኢሕአዴግ፣ በማግስቱ ሚያዝያ 30 ደግሞ ቅንጅት ደጋፊዎቻቸውን በመስቀል አደባባይ ሰበሰቡ። በሁለቱም ቀን መቶ ሺዎች ወጡ፤ በሰላምም ወደየቤታቸው ገቡ። ይህ ሊዘነጋ አይገባም። ሰዎቹ ያው ሰዎች፣ አደባባዩም ያው አደባባይ ነበር። ሕዝቡ ለመደማመጥ ችሎታ የጎደለው አልነበረም ማለት ነው።

ግንቦት 7 ቀን ሕዝቡ ከንጋት በፊት ተሰልፎ መረጠ። በዚያው ምሽት ጠቅላይ ሚኒስትር መለስ ዜናዊ በአዲስ አበባና በአካባቢዋ ለአንድ ወር ሰልፍና የአደባባይ ስብሰባ መከልከሉን አስታወቁ። «በአካባቢዋ» የሚለው ቃል የእኛን ከተሞች ይነካል። ከዚያ ቆጠራው ዘገየ፤ ይፋ ውጤት ሳይነገር ኢሕአዴግም ቅንጅትም «አሸንፈናል» አሉ። በአዲስ አበባ ቅንጅት 23ቱንም የፓርላማ ወንበር፣ ከከተማው ምክር ቤት 138 ወንበሮችም 137ቱን እንዳገኘ ታወቀ። በአገር ደረጃ ግን በመጨረሻ የተነገረው ለኢሕአዴግ 327፣ ለቅንጅት 109፣ ለኅብረት 52 ወንበር ነው። ተቃዋሚዎች ቆጠራው ተጭበርብሯል አሉ፤ መንግሥት ደግሞ ተቃዋሚዎች በአመፅ ሥልጣን ሊይዙ ነው አለ።

ሰኔ 1 ቀን 1997 ዓ.ም. ደም ፈሰሰ። በጥቅምት 1998 ዓ.ም. መጨረሻም እንደገና ፈሰሰ። ጉዳዩን እንዲያጣራ የተቋቋመው ኮሚሽን በኋላ ለፓርላማ ባቀረበው ሪፖርት 193 ሲቪሎችና 6 ፖሊሶች መሞታቸውን ገልጿል። የቅንጅት መሪዎች ታሰሩ፤ ተፈረደባቸው፤ በ1999 ዓ.ም. መጨረሻ በይቅርታ ተፈቱ።

እንግዲህ ከላይ ያነሣነውን ምክንያት እዚህ ላይ እንፈትነው። ምርጫው የተበላሸው በክርክሩ ወቅት አልነበረም፤ ከድምፅ መስጫው በኋላ ነው። ያሸነፈ አሸነፍኩ፣ የተሸነፈ ተሸነፍኩ የሚልበት ሁለቱም የሚያምኑት ዳኛ በመካከል አልተገኘም። አንደኛው ወገን «ብሸነፍ ሥልጣኔንም ሕይወቴንም አጣለሁ» ብሎ ሰጋ፤ ሌላው ወገን «ብሸነፍ ድምፄ እስከ መጨረሻው ተቀበረ» ብሎ ሰጋ። ፍርሃት ከሁለቱም በኩል ሲመጣ መሐል ላይ የሚገኘው ሕዝቡ ነው።

ከቅንጅት መሪዎች መካከል ታስረው ከነበሩት አንዷ ወይዘሪት ብርቱካን ሚደቅሳ ናቸው። እኒሁ ሴት ከዓመታት በኋላ፣ በኅዳር 2011 ዓ.ም.፣ የብሔራዊ ምርጫ ቦርድ ሰብሳቢ ሆነው በፓርላማ ተሾሙ፤ እስከ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ አካባቢም በኃላፊነቱ ቆዩ። በምርጫ ምክንያት የታሰረ ሰው የምርጫ ዳኛ ሆነ ማለት ነው። ተሸናፊ እንዲመለስ ከተፈቀደለት አገርን እንደሚጠቅም ከዚህ የተሻለ ምሳሌ ከቤታችን አናገኝም።

ሦስቱ ከተሞችና መስመሩ

አሁን ወደ ራሳችን እንምጣ። ሰበታ በጅማ መንገድ፣ ቡራዩ በአምቦ መንገድ፣ ሱሉልታ ከእንጦጦ ባሻገር በጎጃም መንገድ ላይ ይገኛሉ። ሦስቱም አዲስ አበባን ከከበቡት ከተሞች ናቸው። ቀድሞ በኦሮሚያ ልዩ ዞን ሥር ነበሩ፤ በ2015 ዓ.ም. ከሌሎች ጎረቤት ከተሞች ጋር ተጠቃለው ሸገር ከተማ ተባሉ።

የእነዚህ ከተሞች ነዋሪ ኑሮው በሁለት አስተዳደር መካከል ነው። ሌሊት ቡራዩ ተኝቶ ጧት መርካቶ ይነግዳል፤ ሱሉልታ ያለበው ወተት አዲሱ ገበያ ይደርሳል፤ ከሰበታ ተነሥቶ በዓለም ገና አድርጎ አየር ጤና ይወርዳል። የገፈርሳ ግድብ ከቡራዩ አጠገብ ሆኖ ውኃው ለዋና ከተማው ይሄዳል። ምርጫ ሲመጣ ግን ሰው የሚመርጠው በሚኖርበት እንጂ በሚሠራበት አይደለም። የቡራዩ ነዋሪ ለፌዴራሉ ፓርላማ በኦሮሚያ ወንበር፣ ለክልሉም ለጨፌ ኦሮሚያ ድምፅ ይሰጣል። ቀኑን ሙሉ የሚውልበትን የአዲስ አበባ ምክር ቤት አይመርጥም። የአዲስ አበባውም ሰው እንዲሁ፣ ከተማው ወደ ውጭ እየሰፋ ሲሄድ መሬቱ የሚነካበትን የሱሉልታ ገበሬ የሚወክለውን ሰው አይመርጥም።

ስለዚህ መስመሩ ራሱ የክርክር ርዕስ ይሆናል። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 49 ኦሮሚያ በአዲስ አበባ ላይ ልዩ ጥቅም እንዳላት ይደነግጋል፤ ዝርዝሩ ግን በሕግ ይወሰናል ተብሎ ብዙ ዓመት ሲያከራክር ኖሯል። የ1997ቱ ውጤት በተሰማ በሳምንታት ውስጥ፣ በሰኔ ወር፣ ወደ አዳማ ተዛውሮ የነበረው የኦሮሚያ ዋና ከተማ ወደ አዲስ አበባ እንዲመለስ ተወሰነ። ምርጫና መስመር እንዴት እንደተሳሰሩ ከዚህ ይታያል።

ከዚህ በኋላ የሆነውን በቅደም ተከተል እንይ። በ2002 ዓ.ም. ምርጫ ኢሕአዴግ 499፣ አጋሮቹ 46 ወንበር አገኙ፤ ለተቃዋሚ አንድ፣ ለግል ተወዳዳሪ አንድ ቀረ። በ2007 ዓ.ም. ደግሞ 547ቱም ወንበሮች የኢሕአዴግና የአጋሮቹ ሆኑ። በወረቀት ሲታይ ጭቅጭቅ የሌለበት ፓርላማ ነው። ነገር ግን በዚያው ሰሞን አዲስ አበባንና በዙሪያዋ ያሉትን የኦሮሚያ ከተሞች በአንድነት የሚያቅድ ማስተር ፕላን ወጥቶ ነበር። ገበሬው «መሬቴ ሊወሰድ ነው» ብሎ ሰጋ። በ2006 ዓ.ም. ተማሪዎች ተቃወሙ። በኅዳር 2008 ዓ.ም. ከጊንጪ የተነሣው ተቃውሞ ኦሮሚያን አዳረሰ። በጥር ወር ዕቅዱ ተሰረዘ፤ እስከዚያው ግን ብዙ ሕይወት ጠፍቶ ነበር። በመስከረም 2009 ዓ.ም. በቢሾፍቱ ኢሬቻ ላይ ብዙ ሰው ከሞተ በኋላ ቁጣው ሰበታ ደረሰ፤ ፋብሪካዎች ተቃጠሉ፤ በዚያው መስከረም የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ።

እንግዲህ ይህን ጥያቄ እንጠይቅ። 547 ወንበር ባለው አዳራሽ ውስጥ ዕቅዱን የሚቃወም አንድ ፓርቲ እንኳ ወንበር ቢኖረው ኖሮ፣ ጥያቄው መንገድ ላይ ከመውጣቱ በፊት አዳራሹ ውስጥ ሊሰማ አይችልም ነበር? የእኛ እምነት ይችል ነበር ነው። በር ሲዘጋበት ነገር በመስኮት ይገባል። ተሸናፊ የሌለበት ምርጫ ሰላማዊ ይመስላል እንጂ ጭቅጭቁን ወደ ጎዳና ያወጣዋል።

ቡራዩ ደግሞ ሌላ ትምህርት ሰጥታናለች። በመስከረም 2011 ዓ.ም. የኦሮሞ ነፃነት ግንባር መሪዎች ከስደት ሲመለሱ ጊዜው የምርጫ አልነበረም፤ የቅስቀሳ ሙቀት ግን ነበረበት። በአዲስ አበባ ወጣቶች «የእኔ ባንዲራ ይሰቀል፣ ያንተ ይውረድ» እየተባባሉ ተጋጩ። ወዲያው በቡራዩና በአካባቢዋ በአሥሮች የሚቆጠሩ ሰዎች ተገደሉ፤ ሺዎች ቤታቸውን ጥለው ወደ አዲስ አበባ ሸሹ፤ በትምህርት ቤቶችም ተጠለሉ። ከተጠቁት መካከል ብዙዎቹ ከጋሞ የመጡ ነበሩ። ይህ ዜና አርባ ምንጭ ሲደርስ ወጣቶች ለብቀላ ተነሡ። የጋሞ አባቶች ግን እርጥብ ሣር በእጃቸው ይዘው ከፊታቸው ተንበረከኩ፤ ወጣቶቹም ተመለሱ። አንድም ሞንታርቦ አልነበራቸውም፤ ነገር ግን ከሁሉ የበለጠ ቅስቀሳ ያደረጉት እነሱ ናቸው።

በሰኔ 2013 ዓ.ም. በተደረገው ምርጫ ከ36 ሚሊዮን በላይ ሰው ለመምረጥ ተመዝግቦ ነበር። ከድምፅ መስጫው ቀን በፊት ያሉት አራት ቀናት የጽሞና ጊዜ ተብለው ቅስቀሳ ተከለከለ፤ ይህ መልካም ደንብ ነው፤ ሰው ጩኸት ሲያቆም ያስባልና። ሆኖም የኦሮሞ ፌዴራሊስት ኮንግረስና የኦሮሞ ነፃነት ግንባር «መሪዎቻችንና አባሎቻችን ታስረዋል፣ ቢሮዎቻችን ተዘግተዋል» ብለው ከውድድሩ ወጡ። በኦሮሚያ በብዙ ቦታ ገዥው ፓርቲ ያለ ብርቱ ተፎካካሪ ቀረበ። በትግራይ በጦርነቱ ምክንያት ምርጫ አልተካሄደም። በሰኔው ድምፅ ብልጽግና ፓርቲ 410 ወንበር አገኘ። ደንቡ ከቀድሞው ተሻሽሎ ሳለ፣ በእኛ ከተሞች መራጭ የሚያማርጠው አነሰው ማለት ነው።

ከጎረቤት ምን እንማር?

ይህ ችግር የእኛ ብቻ አይደለም። ኬንያ በታኅሣሥ 2000 ዓ.ም. ምርጫ አድርጋ ውጤቱ ሲያጨቃጭቅ ከ1,000 በላይ ሰዎች ሞቱ። ኮፊ አናን መጥተው ሁለቱን ወገን ካስታረቁ በኋላ ሥልጣን ተካፈሉ። በዚያ አገር የፕሬዚዳንትነቱን ወንበር ያጣ ሰው ሁሉን ያጣ ይመስለው ነበርና እሳቱ ቶሎ ተያያዘ።

ጋና ደግሞ በ2001 ዓ.ም. ከዚያ የጠበበ ውጤት ገጥሟት ነበር። ወደ 9 ሚሊዮን ከሚጠጋ ድምፅ ውስጥ በሁለቱ ዕጩዎች መካከል ያለው ልዩነት 40,000 ያህል ብቻ ነው። ጆን አታ ሚልስ አሸነፉ፤ ናና አኩፎ አዶ ተሸነፉ። ተሸናፊው ወደ ጫካ አልገቡም፣ አልታሰሩምም። ሌላ ጊዜም ተወዳድረው እንደገና ተሸነፉ። በመጨረሻ በ2009 ዓ.ም. አሸንፈው ፕሬዚዳንት ሆኑ። ሰውዬው የታገሡት መልአክ ስለሆኑ አይደለም፤ ነገ ሌላ ምርጫ እንዳለ ስላመኑ ነው።

የአስተማሪው ድርሻ

«እኛ ምን እናድርግ? አዋጅ አናወጣ፣ ቦርድ አንሾም» ይባል ይሆናል። እውነት ነው። ነገር ግን መሸነፍን የሚያስተምር ሰው ቢኖር አስተማሪው ነው። ስለዚህ የሚከተሉትን እናሳስባለን።

አንደኛ፣ የክፍል አለቃ ምርጫ እናድርግ። ብዙ ጊዜ አለቃውን መምህሩ ይሾማል፤ ወይም ረጅሙ ልጅ ይሆናል። ይልቅስ ሦስት ዕጩ ይቅረብ፤ እያንዳንዱ ለአምስት ደቂቃ ይናገር፤ ልጆቹም «በምን? እንዴት? እስከ መቼ?» ብለው ይጠይቁ። ድምፁ በቁራጭ ወረቀት ይሰጥ። ቆጠራው በጥቁር ሰሌዳ ላይ፣ ሁሉ እያየ፣ በአምስት በአምስት ጭረት ይሁን። ዋናው ነገር ግን ከዚህ በኋላ ያለው ነው። ሁለተኛ የወጣው ልጅ ምክትል ይሁን፤ ሦስተኛው የጽዳቱ ወይም የመጻሕፍቱ ኃላፊ ይሁን። የተሸነፈ ልጅ በማግስቱ በዚያው ወንበር ቁጭ ብሎ እንደሚማር ልጆቹ በዓይናቸው ይዩ። በአሥር ዓመቱ ይህን ያየ ልጅ በሃያ ዓመቱ ድንጋይ አያነሣም።

ሁለተኛ፣ ከናቴራችንን ቤት እንተው። መምህር እንደማንኛውም ዜጋ የወደደውን ፓርቲ ይደግፋል፤ መብቱ ነው። በክፍል ውስጥ ግን የሁሉም ልጆች መምህር ነው። የዚህ ወገን አባትም የዚያ ወገን እናትም ልጃቸውን የሰጡት ለእርሱ ነው። «ለወላጆቻችሁ እንዲህ በሉ» ብሎ በልጅ አፍ የሚቀሰቅስ ሰው ካለ፣ ልጁን በምሽት እራት ላይ ከአባቱ ጋር አጣላው ማለት ነው።

ሦስተኛ፣ ወሬ ከመቀበላችን በፊት በር ላይ የተለጠፈውን እናንብብ። ድምፅ ተቆጥሮ ሲያልቅ የጣቢያው ውጤት በምርጫ ጣቢያው በር ላይ ይለጠፋል። ምርጫ ጣቢያው ደግሞ ብዙ ጊዜ የእኛው ትምህርት ቤት ነው። በከተሞቻችን ቅስቀሳ በኦሮምኛም በአማርኛም ይደረጋልና፣ በአንዱ ቋንቋ የተነገረ ቃል በሌላው ሲደገም ሌላ ሆኖ የሚወጣበት ጊዜ አለ። ሁለቱንም ቋንቋ የምንችል ሠልጣኞች «እንዲህ አላለም፣ እንዲህ ነው ያለው» ለማለት እንቻል። ይህ ትንሽ ነገር ይመስላል፤ ነገር ግን ብዙ ጠብ የጀመረው ከትንሽ ቃል ነው።

አራተኛ፣ ማየት ለማይችለው እንድረስ። በሰበታ የዓይነ ስውራን ትምህርት ቤት እንዳለ ሁላችን እናውቃለን። ማየት የተሳነው መራጭ የሚያምነውን ሰው ይዞ መግባት ይችላል። የሚታመን ሰው ሆኖ መገኘት ከየትኛውም ቅስቀሳ ይበልጣል፤ እርሱ ያለውን ምልክት እንጂ እኛ የወደድነውን ምልክት አለማድረግ ነውና።

ውድ አንባቢያን፣ ምርጫ ሲደርስ ሰው ሁሉ «ማን ያሸንፍ ይሆን?» ይላል። እኛ ግን ሌላ ጥያቄ እንዲጨመርበት እንፈልጋለን፤ «የተሸነፈውስ ነገ ጧት የት ይገኛል?» የምትል። መልሱ «በቤቱ፣ በሥራው፣ ለሚቀጥለው ምርጫ እየተዘጋጀ» ከሆነ ሞንታርቦው የፈለገውን ያህል ቢጮህ አያስፈራንም። መምህራንና ሠልጣኞች ባላችሁ አሳብ ላይ ጽፋችሁ ከዚሁ ሰሌዳ ላይ ብትለጥፉልን ደስ ይለናል። የማይስማማንም ሰው ይጻፍ፤ እርሱንም እንለጥፈዋለን።